ቢጄ 42 ላንድክሩዘር በግቢ ውስጥ ማደስ፦ ሞተሩን ላውርድ ወይስ ከሻንሲው ልጀምር?

የሱሉልታ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ግቢ ውስጥ የቆመ የ1981 ሞዴል (በፈረንጆቹ) ላንድክሩዘር ቢጄ 42 አጭሩን ማደስ እፈልጋለሁ። ሞተሩ የራሱ 3ቢ ናፍጣ፣ ካምቢዮው ባለ 4 ማርሽ፣ ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ታምቡር ነው። ሦስት ዓመት ሳይንቀሳቀስ ቆይቷል።

ጠዋት ሲነሳ ለአምስት ደቂቃ ያህል ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። መካኒክ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚጨመቅበትን ግፊት) ለክቶ 20፣ 19.5፣ 20፣ 19 ባር አገኘና «ከ20 በታች የወረደ ስላለ ሞተሩ አልቋል፤ ይውረድና ፋሻና ብሮንዚን (የፒስተን ቀለበትና የዘንግ መቀመጫ) ይግባለት» አለ። ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ያለው ኳስ የሚመስለው ብረት ጥቁር ዘይትና ግራሶ ያንጠባጥባል። የፍሬን ፔዳሉ ሁለት ሦስቴ ካልተረገጠ አይይዝም። ሻንሲውን ከኋላ አክስል ወዲያ ዝገት በልቶታል፤ አንድ ቦታ ካቻቢቴ ገብቶ ወጣ። የበሩ ሥርና የኋላ ጥጎቹ ላሜራም ተበልቷል።

ያለኝ 4 በ6 ሜትር የኮንክሪት ወለልና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቦታ፣ 1 ቶን ፓራንኮ፣ ኢንቨርተር የኤሌክትሪክ ብየዳ፣ ግራይንደርና 50 ሊትር ኮምፕረሰር ነው። አሁን መጋቢት ነው። ክረምት ሳይገባ ቀለም ተቀብቶ ሊያልቅ ይችላል? ከየትስ ልጀምር?

ናፍጣና ኖዝል፦

ሞተሩን አታውርድ፤ ቢያንስ አሁን።

የለካው ሰው ያነበበው ቁጥር ልክ ሊሆን ይችላል፣ ያነጻጸረበት መስፈርት ግን የባሕር ወለል ነው። ለ3ቢ አዲስ ሞተር 28 ባር ገደማ፣ ዝቅተኛው 20፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 አይብለጥ የሚለው መመሪያ አየሩ ሙሉ ክብደት ላለበት ቦታ የተጻፈ ነው። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። እዚያ የአየር ግፊቱ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም፤ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ቆላ ላይ 28 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እናንተ ሰፈር 20 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ የአንተ አራት ቁጥሮች መጥፎ ዜና አይደሉም። ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ልዩነታቸው ነው፤ በትልቁና በትንሹ መካከል 1 ባር ብቻ ነው። አንዱ 20 ሌላው 14 ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። በዚህ ስህተት ብቻ ስንት ደህና ሞተር ተፈቶ፣ በልኩ ባልሆነ ፋሻ ተገጥሞ ከበፊቱ የባሰ ሆኗል!

ለማረጋገጥ ራስህ ደግመህ ለካ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላዎች (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቁት) ይውጡ፣ የአየር ማጣሪያው ይውጣ፣ ናፍጣው ይዘጋ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ሞተሪኖው እየደከመ ከተለካ ቁጥሩ በሁለትና በሦስት ባር ይወርዳል፤ ሞተሩ ሳይሞቅም እንዲሁ።

ከዚያ በፊት ግን ቫልቩን አስተካክል። ሞተሩ ሙቅ እያለ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.36 ሚሊ ነው፤ የሲሊንደሮቹ ተራ 1-3-4-2። ቫልቩ ጠቦ ትንሽ እንኳ ክፍት ከቀረ ኮምፕሬሽን ይበላል፣ ሰው ግን በፋሻ ያመካኛል።

ነጩ ጭስ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። የመጀመሪያ ተጠርጣሪዎች ካንዴላዎቹ ናቸው፦ አውጥተህ በኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትር እያንዳንዳቸውን ለካ፣ መስመሩ የተቆረጠው ይለያል። ስትቀይር ግን በአካሉ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብበህ ያንኑ አምጣ። የእነዚህ መኪኖች መስመር ባለ 12ም ባለ 24ም አለ፣ ካንዴላውም ከሪሌው ጋር ተጣጥሞ የተሠራ ነው፤ «ክሩ ገጥሟል» ተብሎ የተገዛ ካንዴላ ወይ በሳምንት ይቃጠላል ወይ ጭራሽ አይሞቅም። ቀጥሎ ኖዝሎቹን አውርደህ ፖምፓ ቤት አስፈትሽ፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ጠዋት ላይ እንዲህ ያጨሳል። ሲሞቅም የማይጠፋ፣ ውሃ የሚቀንስና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚያስነሳ ነጭ ጭስ ሲሆን ነው የቴስታታ ጓርኒሲዮን የሚጠረጠረው።

ሌላው የናፍጣ ፖምፓው ነው። ገቨርነሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ክፍል) በቫክዩም የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ከአየር ማስገቢያው ቀጭን ቱቦ ወደ ፖምፓው ጀርባ ይሄዳል፤ ውስጡ ዳያፍራም (ስስ ሽፋን) አለ። ሦስት ዓመት የቆመ ዳያፍራም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ያኔ ሞተሩ ነዳጁን ሳይሰጡት ብቻውን ይጮሃል፣ ከባሰም ይፈተለካል። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ቱቦውን ንቀል፣ ሊቨሩን ወደ ማቆሚያው ግፋ፣ የቱቦውን መግቢያ በጣትህ ጥብቅ አድርገህ ድፈንና ሊቨሩን ልቀቀው። ትንሽ መለስ ብሎ ከቆመ ደህና ነው። ቀስ እያለ ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ ዳያፍራሙ ተበስቷል። እስኪቀየር ድረስ ሞተሩን አታስነሳው።

ጥቁር ጭስ ካለ ደግሞ በዚህ ከፍታ ነዳጁ ለአየሩ በዝቷል ማለት ነው። የሙሉ ጭነት ቪቱን (ከፍተኛውን የነዳጅ መጠን የሚወስነውን) ግን ግቢ ውስጥ በእጅህ አትንካ፤ ፖምፓ ቤት በማሽኑ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ባሌስትራ፦

ስለ ሞተሩ የተባለው በቂ ነው። ቅደም ተከተሉ ሻንሲ፣ የፊት አክስልና ፍሬን፣ ከዚያ ላሜራ፣ ቀለም መጨረሻ። በሰኔ ቀለም አታስብ። እስከ ግንቦት ሻንሲውን ጨርስ፣ ክረምቱን በጣሪያው ሥር አክስሉንና ፍሬኑን ሥራ፣ ቀለሙ ኅዳር ይጠብቅህ።

አሁን ወደ ፊት አክስል ልግባ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ኦይልሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘውን ቀለበት) ቀይሮ በሦስተኛው ወር ያንኑ ዘይት ያያል። ከዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ኳሱ የሚያልፈው በውስጠኛው ኦይልሲል በኩል ነው፤ ከግራሶው ጋር ተደባልቆ ይቀጥንና በጀርባው ላባድ (የኳሱን ገጽ የሚጠርገው ማሸጊያ) በኩል ይወጣል። ሲሉ ግን በራሱ ጥፋት ብቻ አይሞትም። መጀመሪያ አክስሉ ላይ ያለውን ትንሿን መተንፈሻ ተመልከት። ጭቃ ከደፈናት ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ግፊቱ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በሲሉ ይገፋዋል። ፈትተህ በቤንዚን እጠባት፣ በአፍህ ስትነፋ አየር ማለፍ አለበት። ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ ባለው ጭቃ የሚሄድ መኪና ላይ መተንፈሻዋን በጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ ማድረግ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

አፈታቱ፦ መኪናውን በክሪክ አንስተህ ሻንሲው ሥር ጠንካራ መቆሚያ አስገባ፤ ብሎኬት አትጠቀም፣ በድንገት ይፈረካከሳል። የጎማውን ፍላንጅ ስድስቱን ዳዶዎች ስትፈታ ከሥራቸው ሾጣጣ ዋሸሮች አሉ። እነሱ ጠበቅ ብለው ስለሚነክሱ ፍላንጁን ለማውጣት በካቻቢቴ አትፈልቅቅ፤ የነሐስ መዶሻ ይዘህ ፍላንጁን ዙሪያውን ቶክ ቶክ ስታደርገው ዋሸሮቹ ራሳቸው ብቅ ይላሉ። ከዚያ የጎማውን ኩሽኔታ የያዘውን ትልቁን ዳዶ ለመፍታት የ54 ሚሊ ቁልፍ ያስፈልግሃል። ብዙ ጋራዥ ይህንን ዳዶ በመሮና በመዶሻ ነው የሚፈታው፤ የዳዶው ጥርስ ተቦጭቆ ካየህ ከዚህ በፊት የተሠራበት እንደዚያ ነው ማለት ነው። ቁልፉ ከቱቦም ቢሆን ይሠራ፣ መሮ ግን ይቅር።

ሀቡ (ጎማው የሚታሰርበት)፣ የፍሬኑ ሰሌዳና ስፒንድሉ (ሀቡ የሚዞርበት ባዶ ዘንግ) ከወጡ በኋላ ዘንጉን ከነመገጣጠሚያው ቀጥ አድርገህ ሳብ። ግራና ቀኙ ቁመታቸው ስለሚለያይ ምልክት አድርግ። ከላይ የመሪውን ክንድ፣ ከታች ክዳኑን ስትፈታ በመካከል ያሉትን ስስ ሺሞች (ልክ ማስተካከያ ብረቶች) የላዩን ለላይ የታቹን ለታች ለይተህ በሽቦ እሰር። ኳሱ መሃል ላይ በልኩ የሚቀመጠው በእነሱ ነው፤ ከተቀላቀሉ ዘንጉ ከሲሉ መሃል ወደ አንድ ጎን ያደላል፣ አዲሱ ሲልም በአንድ በኩል ተበልቶ እንደገና ያንጠባጥባል።

የላይና የታች ኩሽኔታ ቀለበቶቹን በጣትህ ጥፍር ዳስ። ጥፍርህ ጥርስ ጥርስ የመሰለ ነገር ከያዘ ይቀየሩ። በመንገድ ላይ በ60 እና በ70 ፍጥነት መሪው መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ከዚህ ነው፣ ሰው ግን የመሪ ዳምፐር ይገዛል። አራት ኩሽኔታ ለኳሶቹ፣ አራት ለጎማዎቹ፣ ከነሲሎቹና ላባዱ በአንድ ጊዜ ግዛ። ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፤ ቁጥሩ ኩሽኔታው ብረት ላይ የተቀረጸ ይሁን፣ ካርቶኑን አትመን።

ዘንጉ ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲስ ሲል አይረዳውም፤ ቶርኖ ቤት ስስ እጅጌ ያስለብሱልህ ወይ ሲሉን ሁለት ሚሊ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አሳርፈው። ሲገጠም መገጣጠሚያውን በሞሊብዴነም ግራሶ በደንብ ሙላ፣ ኳሱን ደግሞ ሦስት አራተኛውን ብቻ። ሙሉ ከሆነ ሲሞቅ መውጫ ፍለጋ በላባዱ ይወጣል። የጎማውን ኩሽኔታ በ60 ኒውተን ሜትር አጥብቅ፣ ሀቡን ብዙ ጊዜ ዙር፣ ፍታ፣ ከዚያ በ5 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ መልስና መቆለፊያውን እጠፍ። ዲፈረንሻሉ 2.5 ሊትር ገደማ 90 ዘይት ይወስዳል። ያንን ዘይት ግን ካምቢዮው ውስጥ እንዳትጨምር፤ ለዲፈረንሻል የተሠራው ጂኤል 5 የማርሾቹን ነሐስ ቀለበት ሊበላ ይችላል፣ ለካምቢዮ ጂኤል 4 ግዛ።

የሱሉልታ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መተንፈሻዋን አየኋት፣ በጭቃ ድፍን ብላ ነበር፤ በሽቦ ስወጋት እፍፍ ብሎ አየር ወጣ። ጋሽ ባሌስትራ፣ ስለ ሻንሲው ብየዳ ግን አላነሡም። በኢንቨርተሬ እኔ ራሴ ልበየደው ወይስ ሌላ ሰው ልጥራ? ላሜራውንስ? ጎረቤት ያለው በያጅ በቆርቆሮ እጠግንልሃለሁ ብሎኛል።

ሻንሲ ብየዳ፦

ለዚህ ጋሼ ሳይሆን እኔ ልመልስ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሻንሲ ቁጥሩን ፈልግ። በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አካባቢ በሻንሲው ሐዲድ ውጫዊ ገጽ ላይ ተቀርጿል። ዝገቱን በእጅ ሽቦ ብሩሽ ብቻ አጽዳ፣ ፎቶ አንሳ፣ ከሊብሬው ጋር አመሳክር፣ በግራሶ ቀብተህ በቴፕ ሸፍነው። ግራይንደር እዚያ እንዳይደርስ። የሞተሩ ቁጥርም እንዲሁ። ቦሎ ልታሳድስ ስትሄድ ቁጥሩ በግራይንደር ከጠፋ ወይም በስቱኮ ከተሸፈነ፣ መኪናው ምንም ያህል ቢያምር ሥራህ ሁሉ እዚያ ላይ ይቆማል። ቀለሙን ልትቀይር ካሰብክም ሊብሬው ላይ እንዲመዘገብ ቀድመህ ጠይቅ።

ባትሪውን ንቀል፣ የዲናሞውን ገመድም። የናፍጣ ታንከሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ናፍጣ አይነድም የሚል ሰው አትስማ፣ ባዶው ታንከር ነው አደገኛው።

ከዚያ ሻንሲውን በቀጥታ ውሃ እጠብ። በሁለቱ ሐዲዶች ውስጥ የዓመታት ጭቃ አለ፤ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈት፣ የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል አትተው። ሲደርቅ በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ እየመታህ ስማ። ደህናው ብረት ይደውላል፤ የተበላው ድፍን ድምፅ ይሰጥና ቅርፊቱ ይረግፋል። የድምፁ መለወጫ ላይ በኖራ ምልክት አድርግ፤ መቁረጫህ ከምልክቱ 5 ሴንቲ ወደ ደህናው ገብቶ ይሁን። ዝገት ላይ የተበየደ ብረት ከጠርዙ እንደገና ይቀደዳል።

ሳትቆርጥ ዲያጎናሉን (ከጥግ ወደ ተቃራኒ ጥግ ያለውን ርቀት) ለካ፦ ከፊት የባሌስትራ ቡሎን ወደ ተቃራኒው የኋላ ቡሎን፣ ከዚያ በሌላው በኩል። በቱምቢ ወደ ኮንክሪቱ አውርደህ በኖራ ካሰመርክ ሁለቱን ለማነጻጸር ይቀላል። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ካለፈ ብየዳ ከመጀመርህ በፊት ወደ ሻንሲ ማቅኛ መሄድ አለበት።

ለሻንሲው ኢንቨርተርህ ይበቃል። ሻንሲው ከ3 ሚሊ ያላነሰ ስለሆነ በውፍረቱ እኩል የሆነ ብረት፣ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ ከ75 እስከ 90 አምፔር። የማጠናከሪያው ብረት ጫፎች ቀጥ ብለው አይቆረጡ፤ እንደ ዓሣ ጅራት ወይም ሰያፍ ይሁኑ። ሻንሲውን ከላይ ወደ ታች አቋርጦ የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ብየዳ መስመሩ ጫፍ ላይ ስንጥቅ ይወልዳል። የሐዲዱን የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ ዳር አትበይድ። ኤክስቴንሽኑ ቀጭንና ረዥም ከሆነ ግን አምፔሩ ይወርዳል፣ ብየዳው ላይ ላዩን ይሄዳል፤ ገመዱ 2.5 ካሬ፣ ከ20 ሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ ማታ መብራቱ ሲደክም አትበይድ።

ላሜራው ሌላ ነገር ነው። 1 ሚሊ ላሜራ በ2.5 ኤሌክትሮድ ይቀደዳል። በ2 ሚሊ ኤሌክትሮድ 40 አምፔር አካባቢ ነጥብ ነጥብ እያደረግህ መያዝ ትችላለህ፣ ስፌቱን ግን ባለ 0.8 ሚሊ ሽቦ ሚግ ብየዳ ያለው ሰው ቢጨርሰው ይሻላል፤ ሁለት ሴንቲ በይዶ ወደ ሌላ ቦታ ዘሎ፣ አለበለዚያ ላሜራው ይጨማደዳል። የበሩን ሥር ከመቁረጥህ በፊት የበሩ ቀዳዳ ላይ ሁለት የማዕዘን ብረት ከላይና ከታች በነጥብ በይድ። ይህ ካልተደረገ ቀዳዳው ይጠብና በሩ በኋላ በጉልበት እንኳ አይዘጋም።

ቆርቆሮ? በፍጹም። የቤት ቆርቆሮ ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም፣ ሲበየድ ዚንኩ የሚያሳምም ጭስ ያወጣል፣ ስፌቱም አይይዝም። ስቱኮ የሚሸፍነው የበሰበሰ ቆርቆሮ ለአንድ ክረምት ነው።

ባሌስትራ፦

ልክ ነው፣ ወንድሜ ሻንሲውን በደንብ አስረድቶታል። እኔ ፍሬኑን ልጨርስ።

ፔዳሉ ደጋግሞ ሲረገጥ ከያዘ፣ ከማስተሩ በፊት ማስተካከያዎቹን እይ። በዚህ መኪና በየታምቡሩ ሁለት ሲሊንደርና ሁለት ማስተካከያ አለ፤ ብዙ መካኒክ አንዱን አስተካክሎ ይሄዳል። ጎማውን አንሥተህ እያንዳንዱን ማስተካከያ ጎማው እስኪያዝ አጥብቅ፣ ከዚያ ሸራው በጭንቅ እስኪላቀቅ መልስ። የዛገውን ማስተካከያ አውጥተህ አጽዳ፣ ክሩን በትንሹ ግራሶ ቀባ። ጎማ ያላቸውን ነገሮች ሁሉ፣ ሲሊንደሮቹንም ማስተሩንም፣ በናፍጣም በቤንዚንም አትጠብ፤ ላስቲኩ ያብጣል፣ ፍሬኑ ተነክሶ ይቀራል። በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ብቻ። ሦስቱን የጎማ ቱቦዎች አዲስ አድርግ። የብረቱን ቱቦ ከቀየርክ ጫፉ ድርብ ታጥፎ ይሠራ፣ ነጠላው በመጀመሪያው ጥብቅ ርግጫ ያንጠባጥባል። አየር ስታወጣ ከማስተሩ ከራቀው ጎማ ጀምር።

ናፍጣና ኖዝል፦

የረሳሁትን ልጨምር፣ ስለ ሙቀት ነው። በእናንተ ከፍታ ውሃ ክፍት ሆኖ ከ91 ዲግሪ ብዙ ሳያልፍ ይፈላል። ሞተሩ የሚሠራው ደግሞ 82 ዲግሪ ላይ በሚከፈት ተርሞስታት ነው፤ በመካከላቸው ምን ያህል ጠባብ ቦታ እንደቀረ ተመልከት። የራዲያተሩ ክዳን ባለ 0.9 ባር ሆኖ ላስቲኩ ጤነኛ ከሆነ የመፍያ ነጥቡን ወደ 114 ይገፋዋል። ስለዚህ እንጦጦን ሲወጣ ውሃ የሚጥል መኪና ላይ መጀመሪያ የሚቀየረው ራዲያተሩ ሳይሆን ክዳኑ ነው። ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፣ ግን ሞተሩ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይውላል፣ የጠዋቱ ነጭ ጭስ ይረዝማል፣ ዘይቱም ቶሎ ይቆሽሻል። የጉድጓድ ውሃም አትጨምር፤ የተጣራ ውሃና ኩላንት ግማሽ በግማሽ።

ቀለም ቀቢ፦

ኅዳር የተባለው ትክክል ነው። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ስቱኮ የተለቀለቀ መኪና በሐምሌ ጣሪያ ሥር እንኳ ቢቆም እርጥበቱን ይጠጣና ከስድስት ወር በኋላ በቀለሙ ሥር ፊኛ ፊኛ ይላል። የተበየደውን ብረት በዚያው ቀን በባለ ሁለት ኤፖክሲ ፕራይመር ሸፍን፣ ስቱኮው ከላዩ ይምጣ፣ ውፍረቱም 3 ሚሊ አይለፍ። በተራ ቀይ አንቲረስት ብቻ ክረምቱን ማሳለፍ አይቻልም፤ ውሃ ያሳልፋል። ቅብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትጀምር፣ ላሜራው ላይ የማይታይ ጤዛ አለ፣ ቀለሙ ነጭ ይላል። 9 ሰዓት ላይ ጨርስ። ግቢውን ዙሪያውን ውሃ ርጭ፣ ኮምፕረሰሩ ጋን ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ በየጠዋቱ አውጥተህ አፍስስ። ኤፖክሲና ባለ ሁለት ቀለም ስትቀባ የጨርቅ ማስክ ዋጋ የለውም፤ የካርትሪጅ ማስክ አድርግ፣ ልጆች ከግቢው ይውጡ።

የሱሉልታ ልጅ፦

ዛሬ ሻንሲውን አጥቤ በመዶሻ ሄድኩበት። ዲያጎናሉ 3 ሚሊ ብቻ ነው የሚለያየው። ከኋላ ሁለቱም ሐዲዶች ከአክስሉ ወዲያ 40 ሴንቲ ይቆረጣሉ። ግን ያላሰብኩት ነገር ከፊት ተገኘ፦ ከመሪ ሳጥኑ የላይኛው የኋላ ቡሎን ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ፣ 4 ሴንቲ ይሆናል። ከላዩ ልበይደው?

ሻንሲ ብየዳ፦

አይ፣ እንዲሁ ከላይ አትበይደው። መሪ ሳጥኑን አውርድ። ስንጥቁን በሽቦ ብሩሽ አጽድተህ ናፍጣ ቀባ፣ ጥርግ አድርገህ ኖራ ንፋበት፤ ናፍጣው ከስንጥቁ ውስጥ ወጥቶ ኖራውን ሲያጠቁረው እውነተኛ መጨረሻው የት እንደሆነ ታያለህ፣ ብዙ ጊዜ ዓይን ከሚያየው አንድ ሴንቲ ያልፋል። መጨረሻው ላይ 4 ሚሊ ቀዳዳ ብሳ፣ ስንጥቁ ወዲያ እንዳይሄድ። ናፍጣውን በቲነር አጥፍተህ ስንጥቁን በግራይንደር እንደ ቪ ክፈት፣ ከሥሩ ሙላ፣ አስተካክል፣ ከውስጥ በኩል 4 ሚሊ ሳህን ጨምር። ሳህኑ የመሪ ሳጥኑን ቡሎኖች ሁሉ ያቅፍ፤ ቀዳዳዎቹን ከሳጥኑ ጋር ገጥመህ ብሳ እንጂ በመለኪያ ብቻ አትመን። ቡሎኖቹን የጥንካሬ ደረጃቸው 10.9 በሆኑ አዲሶች ቀይር። ለዚህ አንድ ቦታ ግን በያጅ ጥራ፤ መሪ ነው።